ቀንድና ማህፀን በአንድ ግድግዳ

በአንድ ወቅት ነው፤ ወቅቱም ሩቅ አይደለም፣ ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ከዋግ ደጋ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ፣ ዛሞ በምትባል መንደር ኪሮስ የሚባል ፍየል አርቢ ነበረ። ሚስቱ ውድነሽ ትባላለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች፣ ኋላም የመንደሩን ሴቶች በተራዋ ያስቆጠረች ሴት ናት። ዛሞ ገደል ላይ የተንጠለጠለች መንደር ስለሆነች ድንጋይና ቦታ ለመቆጠብ ቤቶቿ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። የታችኛው ቤት ጣራ ለላይኛው ቤት ደጅ ነው። የአንዱ የጓዳ ግድግዳ ለሌላው የጋጥ ግድግዳ ነው። በዛሞ ማንም ከቤቱ አንድ ድንጋይ ሊነቅል ሲያስብ መጀመሪያ ጎረቤቱን ያስፈቅዳል።

ኪሮስና ውድነሽ አራት ልጆች ወለዱ። ጌታነው የበኩር ልጅ፣ ብርቄ ሁለተኛዋ፣ ሞገስ ሦስተኛው፣ ትርንጎ የመጨረሻዋ ናት። ይህ ታሪክ የሦስቱ ነው፤ የተነሣው ግን ከአራተኛዋ ነው።

ትርንጎ አፏን ገና መፍታቷ ነበር። በአንድ የበጋ ቀን ፍየሎቹ ከግጦሽ ተጠምተው ሲመጡ ከውኃው ገንዳ አጠገብ ቆማለች። ሞገስ ከጉድጓዱ እየቀዳ ይገለብጣል። አንዲት ፍየል፣ ያውም ክፉ ያልሆነች፣ ትርንጎ ራሷ ወተቷን የምትጠጣላት ፍየል፣ ወደ ውኃው ለመድረስ አንገቷን ወርውራ ተጋፋች። ቀንዷ የልጅቱን ሆድ አገኘው። ኪሮስ ልጁን ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያው ዳገቱን ተያያዘው። ውድነሽ ከኋላ እየተከተለች «እንዴት ናት? እንዴት ናት?» ስትለው እርሱ ይሮጣል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መሮጡን ትቶ መራመድ ሲጀምር እርሷም ገባት።

ከቀብር መልስ ኪሮስ ቀንድ ያላቸውን ፍየሎች አንድም ሳያስቀር ሸጠ። ቀንድ ሳያበቅሉ የሚቀሩትን፣ በአገሩ አነጋገር ጎዳ የሚባሉትን ጥቂቶች ብቻ አስቀረ። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ተሳለ። «ቀንድ ያለው እንስሳ ዳግመኛ ጉሮኖዬን አይረግጥም» አለ። ጉሮኖ ፍየሎች የሚያድሩበት የድንጋይ አጥር ነው። ውድነሽም ከጎኑ ቆማ «አሜን» አለች።

ስለቱ መልካም ፍሬ ያፈራ መሰለ። ኪሮስ ጎዳ አውራ ከጎዳ እናት እያገናኘ፣ ከሚወለዱት መካከል ቀንድ የሚያጎጠጉጠውን ሁሉ በግልገልነቱ ወደ ገበያ እየሰደደ መንጋውን አጠራው። ሕፃን ያለው ሰው ሁሉ የኪሮስን ፍየል ይመኝ ጀመር። በዛሞ ወግ ክርስትና ያነሣ ሰው ለክርስትና ልጁ ፍየል ይሰጣል። ወንድ ሲወለድ ኪሮስን፣ ሴት ስትወለድ ውድነሽን ክርስትና እንዲያነሡ የማይለምን ጠፋ። እነርሱም ለእያንዳንዱ አንዲት ጎዳ ግልገል ይሰጣሉ። ኪሮስ ግልገሏን አስረክቦ ሲመለስ ሁልጊዜ ለሚስቱ «ይህችንም ልጅ ቀንድ አይወጋትም» ይላታል። የትርንጎን ስም አያነሣም። እርሷን የሚያነሣው እንዲህ እያለ ነበር።

እያደር ግን ሴት ግልገል እየተመናመነ ሄደ። ሴት የመሰሉትም ሲያድጉ እንደ አውራ ጢም አወጡ፣ እንደ አውራ ከረፉ፣ አንዱ ሌላው ላይ እየወጣ አቧራ ማስነሣት ሆነ ሥራቸው። ጡታቸው አይሞላም፤ ሆዳቸው አይቋጥርም። ሰው ፍናፍንት አላቸው። የክርስትና ፍየሎቹም እንደዚያው ሆኑ። የልጆቹ እናቶች በገመድ እየጎተቱ አመጧቸው፤ ከጉሮኖው ደጃፍ አስረዋቸው ይሄዱ ነበር።

ደጇ በእነ ኪሮስ ጣራ ላይ ያለው ጎረቤታቸው ዘርፌ አንድ ቀን ከላይ ሆና ተጣራች።

«አንተ ኪሮስ፣ ፍየልህ ጡት ከለከለችን እኮ። ጢሟን እንለባት እንዴ?»

«እለቢያት እስቲ» አላት ኪሮስ። «ካንቺ ምላስ የሚወርደውን ያህል አትሰጥም እንጂ።»

ዘርፌ ሳቀች፤ ኪሮስም የሳቀ መሰለ። ቤት ሲገባ ግን ውድነሽ ፊቱን አየችው። በመንደሩ የሚባለውን ሁለቱም ሰምተዋል። «እግዜር የተከለውን ቀንድ ነቀለ፤ እግዜርም ማህፀን ነቀለበት» ይባል ነበር። ኪሮስ ይህን ማን እንዳለው አልጠየቀም። ሰዉ ሁሉ ያለው ስለሆነ ነው።

ይህም ሳይበቃ ዝናብ ቀረ።

ጌታነው ያኔ ሚስት አግብቶ ከመንደሩ ወንዝ ማዶ ቤት ሠርቷል። የራሱ መንጋ ነበረው፤ ቀንዳም፣ ወፍራም፣ አባቱ ሊያየው የማይወድ መንጋ። ድርቁ ሲጠና ወንዙም ጉድጓዱም ነጥፎ በአካባቢው የቀረው ውኃ ከገደሉ ሥር ከድንጋይ ስንጥቅ የሚንጠባጠብ ምንጭ ብቻ ሆነ። ለአንድ መንጋ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም። መውረጃውም ደካማዋን ፍየል በትከሻ ካልተሸከሟት የሚያስኬድ አይደለም። ኪሮስ ወገቡን ይዞት ከአልጋ አይነሣም፤ ሞገስም በእርዳታ እህል ወረፋ ሰቆጣ ነው። ጌታነው ከሰፈሩ ተሻግሮ መጣና ከአባቱ ጉሮኖ ደጃፍ ቆመ።

ውድነሽ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከፊቱ አነበበች። «ያንተዎቹስ ልጄ?»

«የእኔዎቹ ቀንድ አላቸው፤ ድርቁን ይውጉት» አለ።

የቀለደው እናቱ እንዳታለቅስ ነው። የአባቱን መንጋ እየነዳ፣ ያቃታትን እየተሸከመ ገደሉን ወረደ። ከገደሉ ወገብ ላይ የበቀለ ዛፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ቅጠል ይቆርጥላቸው ነበር ይላሉ። ደመናው ሲመለስ እርሱም የአባቱን ፍየሎች ይዞ ተመለሰ፤ አጥንታቸው ቢቆጠርም በእግራቸው የቆሙ ነበሩ። በእርሱ ጉሮኖ ውስጥ ግን ከእበት በቀር የቀረ አልነበረም። ሚስቱ «ምነው እኛን?» ብላ ስትጠይቀው፣ «እኔ ፍየል ባጣ ፍየል ነው ያጣሁት። አባቴ እነዚህን ካጣ ግን ትርንጎን ሁለተኛ ይቀብራታል» እንዳላት ኋላ ለውድነሽ የነገረቻት እርሷ ራሷ ናት።

የብርቄ ሥራ ሌላ ነው። ብርቄ ከዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ትምህርት ጨርሳ በከተማ በምርምር ቤት ተቀጥራለች። በመጣች ቁጥር ከፍየሎቹ ጆሮ ደም ትወስዳለች፤ ከመካኖቹም፣ ከወላዶቹም፣ ከጎረቤት ቀንዳሞችም። መንደሩ «ዋግምት ጀመረች» ብሎ ይቀልድባት ነበር። ከድርቁ በኋላ አንድ ጊዜ ስትመጣ ግን ደም አልወሰደችም። ለእናቷ ብቻዋን አድርጋ ነገሩን ነገረቻት።

ውድነሽ ሰምታ ለመነቻት። «ለአባትሽ ድርቁ ነው በይው። ምን ይጎዳል?»

«ድርቁ ነው ካልኩት እኮ እማዬ፣ ዝናብ ሲመጣ ያንኑ ይደግመዋል።»

ኪሮስ ወገቡ ተሽሎት ከጉሮኖው ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁልጊዜ እዚያው ተቀምጦ ነው በመዳፉ ለፍየሎቹ አሞሌ የሚያልሳቸው። ብርቄ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ የፍየልም የሰውም አካል በጽሕፈት ነው የሚሠራው። ጽሕፈቱ በደሙም በሥጋውም፣ በየቅንጣቱ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ዘረመል ይባላል። ለጠጉሩም፣ ለቀንዱም፣ ለማህፀኑም የሚያዝ አለ።»

«እሺ።»

«እኔ በፊት እያንዳንዱ ለብቻው እንደታጠረ ማሳ ተራርቆ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንደ ዛሞ ነው።»

ኪሮስ ቀና ብሎ አያት።

«ተደጋግፈው ነው ያሉት። አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንዳንዱ ላይ ሌላ ተደርቦበታል፤ ያው መስመር ከዚህ ወዲያ ሲነበብ አንድ ነገር ያዝዛል፣ ከዚያ ወዲህ ሲነበብ ሌላ። በትልቁ ቤት ጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ትንሽ ቤትም አለ። ሁለት ቤት በአንድ በር የሚከፈትበትም አለ። ደግሞ በቤቶቹ መካከል ባዶ የሚመስል ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም፤ የጎረቤቶቹ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።»

«የእኔ ፍየሎችስ?»

«ከዚያ ባዶ ከሚመስለው ቦታ አንዲት ቁራጭ ጎድላቸዋለች። እርሷ ስትጎድል ቀንድ አይበቅልም። ሴትን ሴት አድርጎ የሚያቆየው ዘረመል ግን እዚያው ሰፈር ነው፤ ቁልፉም ያችው ቁራጭ ነበረች።»

«ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ይወልዱ ነበር?»

«ጽሕፈቱ በሁለት ቅጂ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ጎድሎ አንዱ ሙሉ ከሆነ ፍየሏ ጎዳም ትሆናለች፣ ትወልዳለችም። ሁለቱም ከጎደሉ ግን ሴቷ ሴት ሆና አትወጣም። አንተ ጎዳውን ከጎዳዋ ስታገናኝ…» ብርቄ ቃሏን ገታች።

«ጨርሺው።»

«ጉድለትን ከጉድለት አገናኘህ።»

አንዲት ፍየል መጥታ የኪሮስን መዳፍ አሸተተች። ጨው አልነበረበትም።

«እንግዲህ የክርስትና ልጆቼን ፍየል ያመከንኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ አባዬ። ሳታውቅ።»

«ሳታውቅ የሚለውን ለመካኗ ንገሪያት።»

ብርቄ መድኃኒቱንም ነገረችው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ከሚገናኙት ከሁለቱ አንዱ ቀንድ ይኑረው፤ ከሚወለዱት እኩሌታው ጎዳ፣ እኩሌታው ቀንዳም ይሆናል፤ ጎዳዎቹም ይወልዳሉ። ኪሮስ «ስለት አለብኝ» ብሎ ተነሣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ሲቀርብለት እየቆነጠረ ይተው ጀመር። ብርቄ አባቷ እየከሳ መሄዱን በስልክ ስትሰማ ታለቅስ ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን «ባልነገርኩት» ሲል አንደበቷ አልተሰማም።

ሞገስ ይህን ሁሉ ከጉሮኖው ውስጥ እበት እየዛቀ ሰምቶታል። ከሦስቱ ዝምተኛው እርሱ ነው። ከወላጆቹ ጋር ይኖራል፤ አላገባም። ከሁሉም ይልቅ ቀንድ የሚፈራውም እርሱ ነበር። ከዚያ ከገንዳው ቀን ወዲህ በገበያ እንኳ ቀንዳም ፍየል ካየ መንገድ ይቀይራል። አባቱ ልቡን እስኪመልስ ጠበቀ። እናት ፍየሎቹ ግን አርጅተዋል፤ አውራ የሚፈልጉበት ወቅት መጥቷል፤ ይህ ካለፈ የሚቀጥለውን የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ሞገስ ወደ ደጋ ወጣ። ለአንድ ባለ ብዙ ፍየል ሰው አጨዳ አጨደለት፤ በድካሙ ዋጋ አንድ አውራ ተዋሰ። ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ የታጠፈ አውራ ነበር። እሑድ ቀን እየጎተተ ወደ ዛሞ ሲገባ አባቱ ከቤተ ክርስቲያን በምርኩዝ እየተመለሰ ነው። ከጉሮኖው ደጃፍ ተገናኙ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ኪሮስ።

«አውራ ነው።»

«ዓይን አለኝ። ከራሱ ላይ ያለውን ነው የጠየቅሁህ።»

«ቀንድ ነው፣ አባዬ።»

«ስለቴስ?»

«በእኔ ላይ ይሁን።»

«ስለት ጭነት ነው እንዴ፣ ከአህያ አህያ የሚዛወር?»

ሞገስ የአውራውን ገመድ አሳጠረ። ኪሮስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልሞት ነው እኮ። ያን ያህል መታገሥ አቃተህ?»

«እኔስ እታገሥ ነበር። እነርሱ አርጅተዋል» አለ ሞገስ፣ በአገጩ ወደ ፍየሎቹ እያመለከተ።

ሁለቱም ዞረው ውድነሽን አዩ። በሩ ላይ ቆማ ነበር። በስለቱ ቀን «አሜን» ያለችው እርሷ ናት። አሁን ግን አፏን ከፍታ የምትለው አጣች። ኪሮስ ከደጃፉ ገለል አለ፤ ፈቅዶ ይሁን ደክሞት አይታወቅም። ሞገስ አውራውን ይዞ ገባ።

የአውራውን ቀንድ ጫፍ በቆዳ ሰፍቶ ሸፈነው። ወቅቱ እስኪያልፍ በትሩን ይዞ ከጉሮኖው ደጃፍ አልተለየም፤ ሕፃን ሲጠጋ እያየ ያባርራል። ሥራው ሲያበቃ አውራውን ለባለቤቱ መለሰ። ኪሮስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሞገስ ጋር ቃል አልተለዋወጠም። ውኃ ሲፈልግ እንኳ፣ ሞገስ ከፊቱ ቆሞ ሳለ፣ ለውድነሽ «ለዚያ ልጅ ንገሪው» ይላታል።

ግልገሎቹ ሲወለዱ ኪሮስ ከመኝታው የማይነሣ ሆኖ ነበር። ውድነሽ የመጀመሪያዋን አቅፋ ገብታ ከደረቱ ላይ አኖረችለት። በጣቶቹ ራሷን ዳሰሰ፤ ልስልስ ነው። ጭራዋን ገልጦ አየ። ሴት ናት፣ ጥርት ያለች ሴት። ሁለተኛዋን አመጣችለት። የዚህችኛዋ ራስ ላይ ከጠጉሩ ሥር ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ነበሩ። ውድነሽ እጁን ይነጥቃል ብላ ጠበቀች። አልነጠቀም። እብጠቶቹን በአውራ ጣቱ እየደጋገመ ዳሰሳቸው፣ ልክ የሕፃን ጥርስ ወጣ አልወጣ ተብሎ እንደሚዳሰሰው።

ከዚያ ቆየት ብሎ «መንጋው አይከፈል» አለ። «ከሞት ላወጣው ልጅ ይሁን።»

«ለየትኛው?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም፤ ስሙን ጥራልኝ። ሞገስን ልጥራው?»

ኪሮስ ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን በእሺታ የነቀነቀ መሰላት፤ ሕመሙም ሊሆን ይችላል። ሞገስን ልትጠራ ወጥታ ስትመለስ ኪሮስ በሕይወት አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ፍየሎቹ እየመጡ ያን ድንጋይ ይልሱ ነበር። የመዳፉ ጨው ለዘመናት ጠጥቶታልና። ውድነሽ እንዳያባርሯቸው ሰዎችን ትከለክላለች፤ ራሷ ግን ማየት አትችልም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች።

በዛሞ ወግ የሟች መንጋ ወራሽ የሚታወቀው በተዝካሩ ማግስት ጠዋት ነው። ወራሹ የጉሮኖውን በር መወርወሪያ ስቦ ፍየሎቹን ወደ ግጦሽ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ስለዚህ በተዝካሩ ቀን፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ቄስ ይትባረክ ሦስቱን ልጆች በእናታቸው ፊት አስቀመጧቸው።

«የአባታችሁን ቃል ሰምታችኋል። አይከፈል ብሏል» አሉ።

«ባይልም አይከፈልም» አለች ብርቄ። «ወላዶቹ ጥቂት ናቸው። ሦስት ቦታ ከከፈልነው በየጉሮኖው ዘመድ ከዘመድ ይገናኝና ወደዚያው እንመለሳለን።»

ጌታነው ተናገረ። «እኔ ለልጆቼ ነው የምጠይቀው። ጉሮኖዬ ባዶ ነው፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግን አልዋሽም። ለእኔ ከሆነ ጎዳውን ሁሉ እሸጣለሁ። እንደ ሌላው ሰው ፍየል ቀንድ ይኑራቸው። ይህ ነገር ቤታችንን በልቶታል።»

ብርቄ ተናገረች። «ለእኔ ከሆነ ሁለቱም ይቆያል። ጎዳውን ከቀንዳም እያገናኘሁ፣ መካን ለመለሱት ለክርስትና ልጆች ሁሉ የምትወልድ ጎዳ እሰጣለሁ። የአባዬ ስም የሚመለሰው በዚያ ነው። ሌላ ማንም አያውቅበትም።»

«ከከተማ ሆነሽ?» አለ ጌታነው።

«ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ፍየል ልትጠብቅ» አለች ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል። «እኛ ሳንማር ስንጠብቅ ኖርን አይደል? በከንቱ ነዋ የቀደምናት።» ሰዎቹ ሳቁ፤ ብርቄም ከሳቁት አንዷ ናት።

ሞገስ የሚናገር አልመሰለም ነበር። በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ተናገረ። «እኔ ስለ ፍየሎቹ አይደለም። አባቴ ‹ከሞት ላወጣው› ሲል እኔን አስቦ ከሆነ ምሮኛል ማለት ነው። ለሌላ ከተሰጠ፣ ሳይምረኝ እንደሄደ አውቄ እኖራለሁ። እችለዋለሁ። ግን እማዬ፣ የምታውቂውን አትደብቂኝ።»

ከዚያ በኋላ ሰዉ በሦስት ተከፈለ። አንዳንዱ፣ «የሞተ ፍየል በእውቀትም በአውራም አይነሣም፤ ነፍሳቸውን ያቆየው ጌታነው ነው። ያውም የራሱን ገድሎ» አለ። ሌላው፣ «እርሱ ያቆየው የሚመክን መንጋ ነው፤ ሞትን ነው ያቆየው። ሞቱ የት እንዳለ አይታ የነገረች፣ በአባቷ ፊት እውነት የደፈረች ብርቄ ናት» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «እውቀቷ ኪሮስን አከሳው እንጂ አንዲት ግልገል አላስወለደም፤ የወለደው የሞገስ እጅ ነው። ያውም በአባቱ ኩርፊያ» አለ። «ስለት የሰበረ ይወርሳል እንዴ?» ሲባል፣ «ስለቱ ራሱ ነው መንጋውን ሲገድል የኖረው» የሚል መልስ መጣ። «ከሦስቱ ለማንም አይገባም፤ ‹አሜን› ብላ ለተሳለችው፣ ኋላም አውራውን ዝም ብላ ላስገባችው ለእናትየዋ ነው» ያሉም ነበሩ። ውድነሽ ይህን ስትሰማ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ሁሉም ሲሄድ ብቻዋን ተቀምጣ ነገሩን ፈተነችው። የጌታነውን ሥራ ከመካከል አወጣችው፤ ፍየሎቹ በገደሉ ሥር ተረፍርፈው ታዩዋት። እርሱን መልሳ የብርቄን አወጣች፤ ኪሮስ በዝናቡ ማግሥት ጎዳ ከጎዳ ሲያገናኝ አየችው። እርሷንም መለሰችና ሞገስን አወጣች፤ ያወቁ ሰዎችና ያረጁ ፍየሎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቀሩ። አንዱ ሥራ በሌላው ላይ ተደርቦ የተጻፈ ነው፤ የቱ ከየት እንደሚጀምር፣ የቱ የት እንደሚያበቃ አይለይም። ግን መወርወሪያውን ሦስት እጅ አይስበውም፤ ወጉ የአንድ እጅ ነው።

ስለ ሞገስ ደግሞ እንደገና አሰበች። መንጋውን ለእርሱ ብትሰጠው ኪሮስ ያላለውን ይቅርታ በሟች አፍ መናገሯ ነው። ባትሰጠው፣ ኪሮስ ራሱን ነቅንቆ ከሆነስ? ስለ ጌታነው ልጆች አሰበች፤ በባዶ ጉሮኖ ውስጥ ሲጫወቱ አይታቸዋለች። ስለ ብርቄ አሰበች፤ እርሷ ወደ ዛሞ ሳትመጣ ከቀረች የኪሮስ ስም ከመካን ፍየል ጋር ይቀራል። በእያንዳንዱ ልጇ ጎን ስትቆም ባሏ ከፊቷ የሚቆም መሰላት፤ ፊቱ ግን አይታያትም።

ጠዋት ሆነ። ፍየሎቹ ርቧቸው ይጮኻሉ፤ አዲሶቹ ግልገሎች፣ ጎዳውም ቀንዳሙም፣ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫቸውን አውጥተዋል። ጌታነው ሕፃን ልጁን አዝሎ መጥቷል። ብርቄ የእናቷን አሮጌ ነጠላ አገልድማ ቆማለች። ሞገስ ከሁለቱ ራቅ ብሎ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። ቄሱም ጎረቤቶቹም ደርሰዋል። ውድነሽ ወደ ጉሮኖው ሄዳ እጇን ከመወርወሪያው ላይ አሳረፈች፤ ቀና ብላም ሦስቱን አየቻቸው። ሦስቱም እርሷን አዩ። ማናቸውም እጁን አልዘረጋም።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ እናንተም የወለዳችሁ፣ እናንተም የተወለዳችሁ፣ ፍረዱ። መንጋውን ከሞት ያወጣው የትኛው ነው? እጃችሁ በውድነሽ እጅ ቦታ ቢሆን መወርወሪያውን ለማን ትለቁለታላችሁ?